አፉ የማይታየው ሰው

ነገሩን ሁለት ሰዎች በሁለት መንገድ ያወሩታል።

የከተማ አውቶቡስ ሾፌሩ እንደሚለው ከሆነ ድምፁን የሰረቀው ተሳፋሪ ነው። ማን እንደሆነም ይጠረጥራል። አምና ክረምት ላይ፣ ከሾፌሩ ጀርባ ባለችው ወንበር እየተመላለሰ የሚቀመጥ፣ ዝናብ እየዘነበ እንኳ ጥቁር መነጽሩን የማያወልቅ ቀጭን ሰው ነበር። አንድ ቀን ገበያው ጋ ይወርዳል፣ ሌላ ቀን ሆስፒታሉ ጋ፣ ሌላ ቀን ደግሞ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄዶ በዚያው አውቶቡስ ይመለሳል። መድረሻ የሌለው ሰው ምን ሊሠራ ይሳፈራል? ሲያዳምጥ ነበር። አዳምጦ አዳምጦ ድምፄን ከነሳሉ ይዞት ወረደ ይላል ሾፌሩ።

የስቱዲዮው የድምፅ ባለሙያ ደግሞ የሰረቀም የተሰረቀም የለም ባይ ነው። ድምፁ የመጣው ከጉንፋን ነው። ተዋናዩ አፍንጫው ተደፍኖ፣ ጉሮሮው ተልጦ ወደ ሥራ መጣ፤ ማይክሮፎኑ ፊት ቆሞ አንዴ ሲያስል ያ ዝነኛ ድምፅ ተወለደ። ጉንፋኑ ለቀቀው፣ ድምፁ ግን ቀረ። ባለሙያው ይህን ታሪክ ስቱዲዮውን ለሚጎበኝ ሁሉ ይተርከዋል። በተረከው ቁጥር ጉንፋኑ እየባሰበት ስለሄደ አሁን አሁን ተዋናዩ የሚተርፈው ለጥቂት ነው።

ሁለቱም አልዋሹም፤ የመሰላቸውን ነው የሚናገሩት። እውነቱን የሚያውቀው በሁለቱ መካከል ያለው ሰው ነው፤ የሾፌሩ ታናሽ ወንድም፣ የስቱዲዮው ተዋናይ፣ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ «ትንሹ» እያለ የሚጠራው። የጉንፋኑን ተረት የፈጠረው እሱ ነው። ባለመነጽሩን ሌባ እንኳ እሱ አልፈጠረውም፤ ወንድሙ ሲፈጥረው ግን አጠገቡ ተቀምጦ፣ ራሱን እየነቀነቀ ሰምቷል።

ተከታታዩ የካርቱን ፊልም ከጃፓን የመጣ ነው። አንዲት ልጅ የማይጠፋ ፋኖስ ይዛ፣ ያንቀላፋውን የወንዝ አምላክ ልትቀሰቅስ ተራራ ለተራራ ትጓዛለች። አብሯት ባለ ጎራዴ ጎረምሳ አለ፤ መልከ መልካም ነው፣ ጸጉሩ በነፋስ ይበተናል፣ ነፋስ በሌለበትም ይበተናል። መንገድ የሚመራቸው ደግሞ ሻርፑ ነው። እውነተኛ ስሙ ረጅም ነው፤ ልጆች ግን ከአፍንጫው እስከ አገጩ በሚጠመጥመው ጨርቅ የተነሳ ሻርፑ ይሉታል። ሻርፑ በምንም አያምንም። አምላክ ካላችሁ እኔን ለምን ቀጠራችሁኝ ይላል። ጀግና ማለት መውጫውን ገና ያላየ ሰው ነው ይላል። ልጅቷ ፋኖሱ የማይጠፋ መሆኑን ስትነግረው «እስካሁን» ብሎ ይመልስላታል። ተመልካቹ ልጅቷን ሊያይ ይቀመጣል፤ ሲነሳ ግን በአፉ ይዞት የሚነሳው የሻርፑን ነገር ነው።

ለድምፅ አልባሽ ደግሞ ሻርፑ ሲሳይ ነው። ሌሎቹ ተዋናዮች በስክሪኑ ላይ ያለው ከንፈር ሲከፈት መክፈት፣ ሲዘጋ መዝጋት አለባቸው፤ ባለ ጎራዴውን የሚጫወተው ልጅ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከከንፈር ጋር ለማገጣጠም ላቡ ጠብ ይላል። ሻርፑ ግን አፉ አይታይም። ጨርቁ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ በቃ። የተተረጎመው ስክሪፕት ሲያጥር፣ ብዙ ጊዜም ያጥራል፣ ዳይሬክተሯ በጆሮ ማዳመጫው በኩል «ሙላው» ትለዋለች። ትንሹም ይሞላል። ከየት እየቀዳ እንደሚሞላ ጠይቃው አታውቅም።

የሚሞላው ከወንድሙ ነው።

ወንድሙ ከመናገሩ በፊት ያስላል። ትልቅ ሳል አይደለም፤ ቤት ከመግባቱ በፊት በር እንደሚያንኳኳ ጨዋ ሰው ዓይነት ነው። ከዚያ ድምፁ ይመጣል፤ ሻካራ፣ ግማሹ በአፍንጫ የሚያልፍ፣ መጨረሻው ላይ የሚሰበር። የድሮዎቹ አውቶቡሶች ሞተራቸው ሾፌሩ ጎን ነበር፤ ከሞተር በላይ ሲጮህ ኖሮ ነው ድምፁ እንዲያ የሆነው። ትንሹ ኮሌጅ የጨረሰው በዚያ ጩኸት ነው። ወንድሙ ለክፉም ለደጉም የሚላት አንዲት አባባል ደግሞ አለችው፤ «ቆይ፣ መጀመሪያ እንቀመጥ።» አሮጊት ስትሳፈር፣ ወንበር ይዛ እስክትደላደል ድረስ ማርሽ አያስገባም፤ «ቆይ፣ መጀመሪያ እንቀመጥ» ይላል፣ እሱ ራሱ የተቀመጠ ሆኖ ሳለ። ሴት ልጁ ተወለደች ብላ ነርሷ እየሮጠች ስትመጣም ያላት ይህንኑ ነው። አባታቸው የሞቱ ዕለት፣ ገና ልጅ የነበረውን ትንሹን ከትምህርት ቤት ደጅ ጠብቆ የተቀበለውም በዚሁ ቃል ነው። ድንጋይ ላይ አስቀምጦት አጠገቡ ተቀመጠ፤ ከዚያ ነገረው።

መጀመሪያ ላይ ትንሹ ወንድሙን ለማይክሮፎን ሊያቀርበው አላሰበም። ሻርፑን በወፍራም ድምፅ ሞከረው፣ በቀጭን ሞከረው፣ እንደ ክፉ ሰው እያፏጨ ሞከረው። ዳይሬክተሯ ሁሉንም ጣለችበት። ተዋናይ እያመጣህልኝ ነው፣ እኔ የምፈልገው ሰው ነው አለችው። የሻይ ሰዓት ሲደርስ ቅር ብሎት ነበርና ጨዋታ ለማምጣት ብሎ ወንድሙንና ነርሷን፣ የማን ታሪክ እንደሆነ ሳይናገር፣ አጫወታቸው፤ ሳሉን፣ የአፍንጫውን ድምፅ፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ እንቀመጥ»ን ከነአነጋገሩ። የድምፅ ባለሙያው ሻዩ በሸሚዙ ላይ እስኪፈስ ሳቀ። ዳይሬክተሯ ብርጭቆዋን አስቀመጠችና ይሄ ማነው አለችው።

ወንድሜ ነው ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። ነገር ግን ሳቁ ገና አላለቀም፤ ወንድሜ ነው ካለ የሚቆም መሰለው።

«ጉንፋን ነው» አለ።

ሁለተኛው ውሸት ከዚህም የቀለለ ነበር፤ አንድ ቃል እንኳ አላስወጣውም። የመጀመሪያው ክፍል በተላለፈበት ቀን ቤተሰቡ ሁሉ በወንድሙ ሳሎን ተሰበሰበ። ሻርፑ በዚያ ክፍል ገና ብቅ አላለም። የትኛው ነህ ብለው ሲያዋክቡት ትንሹ ገምቱ አላቸው። ወንድሙ ወዲያው ባለ ጎራዴውን አመለከተ፤ የወንድሜን ድምፅ መቶ ሰው መሃል ብሰማው አይጠፋኝም አለ። ሁሉም አጨበጨቡ። የወንድሙ ሚስት፣ እትዬ፣ ሻይ እየቀዳች ነበር፤ አላጨበጨበችም። ትንሹ ፈገግ አለ፤ ፈገግታውም እንደ አዎንታ ተቆጠረለት።

ከሳምንታት በኋላ ሻርፑ ከዋሻ ውስጥ እያሳለ ወጣ። ወንድሙ መጀመሪያ ደስ አለው። ይሄ ሰውዬ ቁርጥ እኔን እኮ ነው እያለ ልጁን ጠራት፣ ሚስቱን ጠራት። ዘንዶ እሳት እየተፋ ባለበት ሻርፑ አስሎ «ቆይ፣ መጀመሪያ እንቀመጥ» ሲል ወንድሙ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሱ ጆሮ ግን ባዳ አልነበረም፣ ዘግይቶ የገባው ዘመድ ነበር።

ቀጥሎ ልጆቹ መጡ። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ግር ብለው አውቶቡስ ይገቡና ሾፌሩ ቃሉን ከመናገሩ በፊት በአንድ ድምፅ ያስላሉ። ከዚያ አዋቂዎቹ ቀጠሉ። ሾፌር፣ አንተም ካርቱን ታያለህ እንዴ ይሉታል። ከሻርፑ ቀድቶ ነው ይባባላሉ። እኔ ሻርፑ ሳይወለድ ጀምሮ ነው የምለው ቢላቸው የባሰ ይስቃሉ፤ እሱም የሻርፑ ቀልድ መስሏቸው። አንድ ቀን አንድ ክራባት ያሠረ ሰው ሲወርድ ትከሻውን ቸብ አደረገውና በቅን ልብ «ጎበዝ ነህ፤ ሳሉ ላይ ብቻ ትንሽ ይቀርሃል» አለው።

ከዚያ ቀን በኋላ ወንድሙ ቃሉን ተወው። አሮጊቷ እስክትቀመጥ በመስታወቱ አይቶ ዝም ብሎ ይጠብቃል፣ ዝም ብሎ ማርሽ ያስገባል። ቤትም ውስጥ ነገር ሊጀምር ያስልና ትዝ ሲለው አፉን ይገጥማል።

ይህን ለትንሹ የነገረችው የወንድሙ ልጅ ናት። ፋርማሲስት ናት፣ ልታገባ ነው። የእጮኛዋ ቤተሰቦች ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡ ዕለት አባቷ በር ላይ ተቀበላቸው፤ ተጨንቆ ስለነበር ቃሉ አመለጠው። የእጮኛዋ ትንሽ እህት ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አለች። የእጮኛዋ አባት የጥርስ ሐኪም ናቸው፤ ነገር ለማለሳለስ ብለው «ካርቱን ይወዳሉ ማለት ነው?» አሉት። አባቴ ያን ቀን ሙሉ ከዚያ ወዲያ አልተናገረም፤ ሰዎቹ ኩሩ ነው ብለው ሳይሄዱ አይቀሩም አለች ልጅቷ። ትንሹ ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

በሁለቱ ቤተሰቦች ምሳ ላይ አባት ስለ ልጁ ጥቂት ቃል መናገር ነበረበት። ምሳው ሲቃረብ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወንድሙ ትንሹ የተከራየበት ክፍል ድረስ መጣ። ያለችው አንዲት ወንበር ላይ ተቀመጠና ጣሪያውን አየ፣ መስኮቱን አየ። ቤቱ ጥሩ ብርሃን አለው አለ። ከዚያ አሳለና፣

«ምሳው ላይ አንተ ተናገርልኝ» አለ። «እኔ አፌን ስከፍት ሰው ይስቃል። ለራሴ ቢሆን ግድ የለኝም። የልጄ ቀን ሳቅ እንዲሆን አልፈልግም።»

ትንሹ እንዴት ተደርጎ፣ አባት እያለ እንዴት አጎት ይናገራል አለው። ወንድሙ፣ አንተ ባለሙያ ነህ፣ ድምፅህ ያምራል አለው። ቀጥሎም፣ ነገሩን ሲያሰላስለው ቆይቶ ይመስላል፣ ያን ሻርፑ የሚሉትን የሚጫወተውን ሰው ታውቀዋለህ ወይ ሲል ጠየቀው። አልጣላውም፣ አልከሰውም፤ ያቺን አንዲት ቃል ብቻ እንዲመልስልኝ በትህትና ልጠይቀው ነው፤ ለሥራዬ ትጠቅመኛለችና አለ። መነጽር ያደርጋል ወይ ብሎም ጠየቀ።

ወለሉ ተሰንጥቆ ቢውጠው ትንሹ ደስ ባለው። እውነቱን ለመናገር ከዚህ የተሻለ ሰዓት አይመጣም፤ ክፍሉ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም የለም። ትንሹ ግን፣ ያ ሰውዬ የሚቀረጸው በሌላ ቀን ስለሆነ ብዙም አንገናኝም አለ። ወንድሙ ገባኝ ብሎ ተነሣ። በር ላይ ሲደርስ ባለ ጎራዴው እየበረታ ነው፣ ኮርተንብሃል አለው።

ትንሹን ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም፤ እንቅልፍ ማጣቱ ግን ድፍረት አልሰጠውም። ሳይናዘዝ የሚክስበትን መንገድ ፈለገ። ማክሰኞ ጠዋት ወደ ቀረጻ ክፍሉ ሲገባ ሻርፑን በሌላ ድምፅ ጀመረው፤ ሳሉን አስቀረ፣ አፍንጫውን አጸዳ፣ መጨረሻው እንዳይሰበር ያዘው። ከመስታወቱ ወዲያ ዳይሬክተሯና የድምፅ ባለሙያው ተያዩ። ምን ነካህ አለችው ዳይሬክተሯ በማዳመጫው። ድምፁ ሰልችቶኛል አላት። እንደ ልማዷ በትዕግሥት አስረዳችው፤ አንተን ቢሰለችህ ሕፃናቱን አልሰለቻቸውም፣ ሰው በተከታታይ መሃል ጉሮሮ አይቀይርም። አንዴ እንደ ቀድሞው አድርግልኝና ከዚያ በኋላ ስለ መቀየሩ እንነጋገራለን አለች።

ትዕይንቱ ለሻርፑ ከባድ ነበር። ሁሌ ሲያፌዝ የኖረው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ፌዙ ያልቅበታል። መንደርተኞቹ ድልድዩን እንዲከፍቱላቸው የሚለምናቸው ሰው ያስፈልጋል፤ ቋንቋቸውን የሚያውቅ ሻርፑ ብቻ ነው፣ እሱ ግን አልሄድም ይላል። ስክሪፕቱ ላይ የተጻፈው «አልሄድም፤ ሌላ ላኩ» የምትል ብቻ ናት። በስክሪኑ ላይ ግን ሻርፑ ከባለ ጎራዴው ፊት ቁጢጥ ብሎ ረጅም ጊዜ ያወራል። ጨርቁ ይንቀሳቀሳል፣ ይንቀሳቀሳል።

«ሙላው» አለች ዳይሬክተሯ።

ትንሹ ዓይኑን ጨፈነ። ይህን ሲያደርግ ሌላ ነገር ለማሰብ ጊዜ የለውም፤ ሥራው እንደዚያ ነው፣ ጨርቁ ከመቆሙ በፊት ቃሉ መምጣት አለበት። ምላሱ ላይ የነበረው ቃል መጣ። አሳለ። «አንተ ተናገርልኝ» አለ። «እኔ አፌን ስከፍት ሰው ይስቃል። ለራሴ ቢሆን ግድ የለኝም» አለና መጨረሻው ላይ ድምፁን እንደ ወንድሙ ሰበረው። የክፍሉ ብርሃን፣ አንዲቷ ወንበር፣ ወንድሙ ሲናገር ጉልበቱን ያሸበት እጅ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነበሩ። ሲጨርስ እስከ ዛሬ ካደረገው ሁሉ እንደሚበልጥ አወቀ፤ አውቆም ለአንዲት ቅጽበት ደስ አለው። በኋላ ሲያስታውሰው ከሁሉም ይልቅ የሚያሳፍረው ያቺ ደስታ ነች።

ዓይኑን ሲከፍት ከመስታወቱ ወዲያ ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ሦስተኛው ወንድሙ ነው።

የዕረፍት ቀኑ ነበር። የክት ኮቱን ለብሷል፣ ኮፍያውን በእጁ ይዟል። ከመስታወቱ ወዲህ ምንም አይሰማም፤ ዳይሬክተሯ ቁልፉን ካልተጫነች በቀር ክፍሉ ድምፅ አያስገባም። ትንሹ ግን ኑሮው በአፍ እንቅስቃሴ ነው፤ የሚያየውን አፍ ሁሉ ሳያስበው ያነብባል። የድምፅ ባለሙያው በኩራት ወደ እሱ እያመለከተ ይኸው ሻርፑ፣ ይሄ ነው ሲል አየው። የጉንፋኑን ታሪክ ሲጀምር አየው። ወንድሙ አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ፣ ከዚያ በጨዋ ደንብ አሳለና የሆነ ነገር ተናገረ። ሻርፑን የሚጫወተውን ላነጋግር ሳልነግረው ነው የመጣሁት፣ በሥራው እንዳላስቸግረው ብዬ፤ ወንድሜ ነው። የድምፅ ባለሙያው እጅ አየር ላይ ቀረ። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ እያለ ወረደ። ዳይሬክተሯ ወደ ወንድሙ ዞረች፣ ወደ ትንሹ ዞረች፣ ከዚያ ለሽማግሌው ወንበር ሳበችለት። ወንድሙ አልተቀመጠም። በጣቱ ቁልፉን አሳይቶ ጠየቃት። ተጫነችለት።

«ስታደርገው ሰዎቹ ይስቃሉ?» አለ ድምፁ በሁለቱም ጆሮው ውስጥ።

«አዎ ጋሼ።»

«አንተስ?»

ሌላ ሰው ቢጠይቀው ይዋሽ ነበር። ወንድሙም እንዳይዋሽ የሚጠብቀው ይመስል በመስታወቱ ውስጥ ዝቅ ብሎ አየው።

«እኔም» አለ ትንሹ።

ወንድሙ ራሱን ነቀነቀ፤ መንገድ ጠይቆ መልስ እንዳገኘ ሰው። እሑድ ቤትህ መጥቼ ያልኩህን ነው አሁን ያልከው አለ፣ ጥያቄ አልነበረም። ዳይሬክተሯን አመሰገነ፣ የድምፅ ባለሙያውን ጨበጠ፣ ኮፍያውን አደረገና ወጣ። ትንሹ ከባዱን በር ከፍቶ ኮሪደሩ ላይ ሲደርስ ደረጃው ባዶ ነበር። ሮጦ ሊደርስበት ይችል ነበር፤ ሽማግሌ ነው፣ ደረጃ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። አልሮጠም።

ሲመለስ አጥፉት አላቸው። ከዚህ የተሻለ አልሠራህም አለች ዳይሬክተሯ በዝግታ፣ ግን ካልክ ይጠፋል። የድምፅ ባለሙያው እፊቱ አጠፋው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንዲሉ፣ ከማሽኑ የጠፋው ከወንድሙ ጆሮ አልጠፋም። እስከ ምሳው ቀንም የሻርፑ ጨርቅ እየተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ሳይለብስ፣ እንዲሁ ቀረ።

ትንሹ ወደ ምሳው ልሂድ ወይስ ልቅር እያለ ሲያወጣ ሲያወርድ ከረመ። መሄዱ ድፍረት ነው፤ መቅረቱ ደግሞ ልጅቷን መበደል። ልናገር ወይስ አልናገር የሚለውንም የሚጠይቀው አጣ፤ ወንድሙ አልደወለለትም፣ እሱም አልደወለም። መቼም ሰው ሲጨነቅ ሥራ ይወዳል፤ ንግግሩን ጻፈው፣ ሰረዘው፣ ደግሞ ጻፈው። ስለ ወንድሙ ሊናገር የሚችለው ጥሩ ነገር ሁሉ ከአሁን በፊት ለሳቅ የተጠቀመበት ሆኖ አገኘው።

በሩን የከፈተችለት እትዬ ናት። እጇ በዱቄት ስለተለወሰ በክንዷ ነው የከፈተችው። አስገብታ፣ ሳሎኑ እንዳይሰማ በሩን መልሳ ገጠመችው።

«ነግሮኛል» አለች። «ባይነግረኝም ከመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅኩት። አብሬው ያረጀሁትን ሰው ሳል የማላውቅ መሰለህ?»

«ታዲያ እትዬ ለምን አልነገርሽውም?»

«አንተ ትነግረዋለህ ብዬ ስጠብቅ ነዋ።»

እየጠበቀች የቀዳችለትን ሻይ ሁሉ አስታወሰ። መልስ ሳትጠብቅ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች፤ ሾርባው እንዳይገነፍል።

ሳሎኑ ከጎረቤት በተዋሱ ወንበሮች ተሞልቷል። የጥርስ ሐኪሙ፣ ሚስታቸው፣ እናታቸው፣ ሙሽራውና ያቺ ትንሽ እህቱ መስኮቱ ሥር ተደርድረዋል። ወንድሙ የክት ኮቱን ለብሶ ማዕዘኑ ላይ ተቀምጧል። ትንሹ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለው፤ ወንድሙም እንደ ማንኛውም እንግዳ እጁን ጨበጠውና የሚቀመጥበትን አሳየው። እንደ እንግዳ መታየቱ ከስድብ ይልቅ ወጋው። ምሳው ተበላ። ስለ ዝናብ፣ ስለ ቤት ኪራይ ተወራ፤ ሐኪሙ ሰው ሲስቅ መጀመሪያ የማየው መንጋጋውን ነው ብለው ሁሉም አፉን በእጁ እየከለለ ሳቀ። ወንድሙ በፈገግታ ይተባበራል እንጂ ቃል አይወጣውም። ሚስትየው ወደ ልጃቸው ጎንበስ ብለው፣ አማትህ ሁሌ እንዲህ ዝምተኛ ናቸው እንዴ ሲሉ ትንሹ ከአፋቸው አነበበ።

ሳህኖቹ ሲነሡ ሐኪሙ ናፕኪናቸውን አጣጥፈው ለልጃቸው የሚሉትን አሉ፤ አጭርና ጥሩ ነበር። ከዚያ፣ በእናንተ በኩልስ ማን ይናገራል ብለው ጠየቁ። የሙሽሪት አጎት ባለ ድምፅ ነው፣ ቴሌቪዥን ላይ ነው የሚሠራው አለች አንዲት የአክስት ልጅ፤ ባለ ጎራዴው እሱ ነው ብላ ጨመረች። ዓይን ሁሉ ወደ ትንሹ ዞረ። ሙሽሪት ብቻ አባቷን ነበር የምታየው።

ትንሹ የጻፈው ወረቀት ኪሱ ውስጥ ነበር። ወንድሙን አየው። ወንድሙ የጠረጴዛውን ልብስ አንድ የተጨማደደ ቦታ በጣቱ እያቃና ነው፤ አይፈቅድም፣ አይከለክልም። ትንሹ በጉሮሮው ገንዘብ ያገኘ፣ ስም ያገኘ ሰው ነው፤ አሁን ግን በራሱ ድምፅ ምን እንደሚል ጠፋው። ከአፉ ሊወጣ የሚችለው ጥሩው ድምፅ የእሱ አልነበረም። ባለ ጎራዴው እኔ አይደለሁም ማለት ጀመረ፤ ድምፁ ከራሱ ከንፈር አላለፈም። ሐኪሙ መነጽራቸውን ማጽዳት ጀመሩ።

ያኔ ከማዕዘኑ ሳል ተሰማ፤ አጭር፣ በር እንደማንኳኳት ያለ። ትንሿ ልጅ ወንበሯ ላይ ዘለለችና «ሻርፑ» አለች፣ በሹክሹክታ፤ ክፍሉ ግን ጸጥ ያለ ስለነበር ሁሉም ሰማ። እናቷ አፏን ያዙባት። ሙሽራው ጫማውን አየ። የትንሹ ፊት እስከ ጆሮው ድረስ ጋለ።

ወንድሙ በዝግታ ቆመ። አንድ እጁን በሴት ልጁ ወንበር መደገፊያ ላይ አሳረፈ።

«ይሄ ድምፅ ብዙ ሰው ያስቃል» አለ፣ በዚያው በሻካራው፣ በአፍንጫው በሚያልፈው። «እኔም ሲሳቅ ሰምቻለሁ። ዛሬም መሳቅ የፈለገ ይሳቅ፣ ቅር አይለኝም። ስለ ልጄ ግን የምናገረው እኔ ነኝ። ወንድሜ አይናገርልኝም።»